የድሮ ትራክተር የነዳጅ ጌጅ እና ጥገናው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ የወገራ ደጋ ከግራም ከቀኝም ይዘረጋል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር የተጠጋ፣ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት ብርዳም አገር ነው። አብዛኛው መሬት ዛሬም በበሬ ቢታረስም ሜዳ ሜዳው ለትራክተር ይመቻል። በአገራችን ለኪራይ ከሚወጡት ትራክተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፤ አንዳንዱ ማሲ ፈርጉሰን፣ አንዳንዱ ፊያት፣ አንዳንዱ በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ነው። ሞተራቸው ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ላይ የዋለው ማሲ 135 በሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተሩ ዛሬም ያርሳል። የነዳጅ ጌጁ ግን ከሞተ ቆይቷል፤ ሾፌሩም የሰልባትዮውን፣ ማለትም የነዳጅ ማጠራቀሚያውን፣ ክዳን ከፍቶ እንጨት እየነከረ ይለካል።

እንጨቱን አልንቅም። እ.ኤ.አ. እስከ 1956 የተመረተው ትንሹ ግራጫ ፈርጉሰን ጌጅ ሳይኖረው ዓለምን አርሷል። ሆኖም በእንጨት የሚለካ ሰው ሁልጊዜ አይለካም፤ ሲቸኩል ይረሳል። ቤንዚን ያለቀበት መኪና ሲሞላለት ይነሣል፤ የናፍጣ ሞተር ግን እንዲያ አይደለም። ነዳጁ ሲያልቅ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፣ ፖምፓውም አየር ጨምቆ ኖዝል ማስከፈት አይችልም። ስለዚህ ጀሪካኑ ከተገለበጠ በኋላ ዋናው ሥራ ገና ይጀመራል። የፊልትሮው የአየር ማስወጫ ቪቴ ተፈትቶ፣ የእጅ ማንሻዋ እየተመታች፣ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪፈስ ይጠበቃል። ከዚያ ተራው የፖምፓው ነው፤ በመጨረሻ ሞተሪኖው እየዞረ የኖዝሎቹ ቱቦ ጫፍ ይላላል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ደግሞ እዚያው ያልቃል። በሰኔ፣ ዝናቡ መሬቱን አለስልሶ ገበሬው ተራ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ይህ ሁሉ ማሳ መሐል ሲሆን የባለ ማሳው ቀን ባከነ ማለት ነው። ጌጁን መጠገን ተገቢ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ለጌጥ አይደለም።

ጌጁ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ነው። ሁለተኛው ሰልባትዮው ውስጥ የሚወርድ ክንድ ሲሆን ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ አለ። ናፍጣው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ይነሣል፤ የክንዱ ሌላ ጫፍም በቀጭን ሽቦ ጥቅልል ላይ እየተንሸራተተ ሬዚስታንሱን ይለውጣል። በብዙዎቹ የድሮ ጌጆች መርፌው በሁለት ጥቅልሎች ማግኔታዊ ጉልበት መካከል የሚቆም በመሆኑ የባትሪው ኃይል ከፍ ዝቅ ቢልም ንባቡ ብዙ አይዛባም። ይህን የነደፈው ሰው የእርሻ መሣሪያ ምን ዓይነት ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ጌጁ አይሠራም ሲባል መጀመሪያ የዳሽቦርዱ ጌጅ ስለሚቀየር ነው። ጥፋቱ በአብዛኛው እዚያ አይደለም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ሰልባትዮው ላይ ያለው ሽቦ ይነቀልና ቁልፉ ይከፈታል፤ መርፌው ወደ አንዱ ዳር ይሄዳል። ሽቦው ለአንድ አፍታ ንጹሕ የትራክተሩ ብረት ሲነካ ወደ ሌላው ዳር መሄድ አለበት። የትኛው ዳር ባዶ፣ የትኛው ሙሉ እንደሚሆን በሥሪቱ ይወሰናል። መርፌው ዳር እስከ ዳር ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ሰልባትዮው ዘንድ ነው። ይህ ሲሞከር የነዳጁ ክዳን የተዘጋ ይሁን፤ ብልጭታም ከክዳኑ ይራቅ።

ክንዱን ከማውጣት በፊት አንድ ነገር መታየት አለበት። ሰልባትዮው በጎማ ወይም በወፍራም ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣ በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ ኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ የለውም። ከክንዱ መያዣ ቪቴ እስከ ሻሲው አንድ ሽቦ መዘርጋት ብቻውን ስንቱን ጌጅ አስነሥቷል።

ይህ ካልበቃ ክንዱ ይወጣል። ተንሳፋፊው የናስ ከሆነ ጆሮ ላይ አስጠግቶ መነቅነቅ ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተበስቷል፣ ናፍጣ ጠጥቶም ሰምጧል፣ መርፌውም ሁልጊዜ ባዶ ይላል። ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ቀዳዳው አረፋ እያወጣ ራሱን ያሳያል። ናፍጣው ተንጠፍጥፎ ካለቀና ከደረቀ በኋላ በስታኞ ይደፈናል፤ ስታኞው ይሳሳ፣ ክብደት ከጨመረ ንባቡን ያወርዳልና። ውስጡ ናፍጣ ያለበትን ተንሳፋፊ እሳት ላይ ማቅረብ ግን ሰው ይጎዳል። የሽቦው ጥቅልል ከቆሸሸ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ ክንዱን በዝግታ ከታች ወደ ላይ እያነሡ በቴስተር መለካት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ሳይዘል መለወጥ አለበት። መሐል ላይ ቁጥሩ ከጠፋ ሽቦው እዚያ ተበልቷል ማለት ነው።

ክንዱ የግድ መቀየር ካለበት የጌጁ ጓደኛ መሆኑ ይረጋገጥ። በአሜሪካ በብዛት የተለመደው ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ያህል ነው፤ በአውሮፓ በሰፊው የሚሠራበት ደግሞ በተቃራኒው ባዶው 10፣ ሙሉው 180 ኦም ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጌጁ ባዶውን ሙሉ ብሎ ይናገራል፤ ይህ ከሞተ ጌጅ የከፋ ነው።

ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ ናፍጣ የሚችል አዲስ ይሁን፣ ክንዱም ሰልባትዮው ውስጥ ሳይነካካ ይውጣና ይውረድ። ከዚያ ናፍጣውን አምስት አምስት ሊትር እየጨመሩ መርፌው የት እንደቆመ መጻፍ ነው፤ የሰልባትዮው ቅርጽ ወጥ ስላልሆነ የመርፌው ግማሽ የናፍጣው ግማሽ ላይሆን ይችላል። ንባቡም ትራክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ ይወሰድ፤ ዳገት ላይ ናፍጣው ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ መርፌው አብሮት ይሸሻል።