ፈረሱና ኮርማው፦ የጣሊያን የስፖርት መኪኖች ከየት መጡ?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረሶች ትሞላለች። ከከተማዋ፣ ከዳንግላ፣ ከጥርባና ከሌሎችም የአዊ አካባቢዎች የሚመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በግላስና በልጓም አስጊጠው በግልቢያና በጉግስ ብቃታቸውን ያሳያሉ። በዓሉን የሚያዘጋጀው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ሲሆን፣ ዕለቱ በዓድዋ ጦርነት ከአርበኞች ጋር ዘምተው የወደቁ ፈረሶች የሚታሰቡበትም ነው።

በዓድዋ ድል የተመታው ጦር የተነሣባት ጣሊያንም ዛሬ በዓለም ዘንድ ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ፈረስ ነው። ይህ ፈረስ ግን በመስክ የሚግጥ ሳይሆን በብረት ላይ የተሳለ ነው። በኋላ እግሮቹ የቆመው ጥቁር ፈረስ በቢጫ መደብ ላይ ሆኖ የፌራሪ መኪኖች ዓርማ ሆኗል። የተፎካካሪው የላምቦርጊኒ ዓርማ ደግሞ ለመዋጋት አንገቱን የደፋ ኮርማ ነው። የዓለማችን ፈጣንና ውድ መኪኖች መለያቸውን ከጋጣና ከበረት መውሰዳቸው እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ፈረሱ ከየት መጣ?

ኤንዞ ፌራሪ እ.አ.አ በ1898 በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው ሞዴና ከተማ ተወለደ። አባቱ ለባቡር ሐዲድ የሚያገለግሉ የብረት ዕቃዎችን የሚሠራ አውደ ጥናት ነበረው። ኤንዞ በወጣትነቱ የመኪና ተወዳዳሪ ሆነ፤ እ.አ.አ በ1923 ራቬና አጠገብ በተካሄደ ውድድር ካሸነፈ በኋላ ከፍራንቼስኮ ባራካ ቤተሰብ ጋር ተዋወቀ። ባራካ ከፈረሰኛ ጦር ወደ አየር ኃይል የተዛወረ መኮንን ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት 34 የጠላት አውሮፕላኖችን በመምታት ዝናን ካተረፈ በኋላ እ.አ.አ በሰኔ 1918 በውጊያ ላይ ሞተ። በአውሮፕላኑ ጎን ላይ አስሎት የነበረው በኋላ እግሮቹ የቆመ ፈረስ ነበር። ኤንዞ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የባራካ እናት የልጃቸውን ፈረስ በመኪናው ላይ ቢያደርገው መልካም ዕድል እንደሚያመጣለት ነገሩት። እርሱም ምክራቸውን ተቀብሎ የትውልድ ከተማውን የሞዴናን ቢጫ ቀለም መደብ አድርጎ ጨመረበት።

ኤንዞ እ.አ.አ በ1929 የመሠረተው የውድድር ቡድን ስሙ «ስኩዴሪያ ፌራሪ» ነው። «ስኩዴሪያ» በጣሊያንኛ የፈረስ ጋጣ ማለት ነው። ቡድኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወዳደረው በአልፋ ሮሜዮ መኪኖች ነበር። በፌራሪ ስም የተሠራችው የመጀመሪያዋ መኪና፣ 125 ኤስ፣ የወጣችው እ.አ.አ በ1947 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በሮም የተካሄደውን ውድድር አሸነፈች።

«የፈረስ ጉልበት» ሲባል ምን ማለት ነው?

የመኪና ኃይል እስከ ዛሬ የሚለካው በፈረስ ስም ነው። ልኬቱን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስለመደው እንግሊዝ ውስጥ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ዋት ነው። ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ ሲነሣ ገዢዎቹ ሥራቸውን የሚያሠሩት በፈረስ ስለነበር፣ ሞተሩ የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚተካ ማስረዳት ነበረበት። በአውሮፓ በሚሠራበት ስሌት አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሣት ነው። ይህም ከአንድ ኩንታል ሩብ የጎደለለትን የእህል ጆንያ በዐይን ጥቅሻ እስከ ወገብ ከፍታ እንደማድረስ ያለ ሥራ ነው።

በአዊ ፈረስ ከመጋለብም በላይ ቀንበር ተጭኖበት ስለሚታረስበት ነገሩ ለአካባቢው ገበሬ ባዕድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ፈረስ የሚያወጣው ኃይል በአማካይ ከአንድ የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም። ያው ፈረስ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ሙሉ አቅሙን ቢያወጣ እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ሊደርስ ይችላል። የስፖርት መኪና ጥበብም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ብዙ ኃይልን በአጭር ጊዜ ማውጣት።

ሁለት የጣሊያን መኪኖችን ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ «ሰይቼንቶ» በሚል ስም የምትታወቀው ትንሿ ፊያት 600 እ.አ.አ በ1955 ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ሲሆን፣ ኃይሏ 21.5 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። የመጀመሪያዋ ፌራሪ ሞተር 1 ሺህ 500 ሲሲ ነበር። በመጠን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ቢበልጥም ኃይሉ ግን 118 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሞተሩ አሠራር ነው። የፌራሪው ሞተር በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 12 ትናንሽ ሲሊንደሮች አሉት። ፒስተኖቹ ትንንሽና ቀላል ስለሆኑ እጅግ ፈጥነው መመላለስ ይችላሉ፤ በደቂቃም ወደ 6 ሺህ 800 ጊዜ ይሽከረከራል። የሰይቼንቶ ሞተር ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣው ግን በ4 ሺህ 600 ዙር ነበር። አፍቃሪዎቹ ከሩቅ የሚለዩት ቀጭንና ከፍ ያለ የፌራሪ ድምፅ የሚመነጨውም ከዚሁ ፍጥነት ነው።

የገበሬው ልጅ

የኮርማው ታሪክ የሚጀምረው ከእርሻ ማሳ ነው። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ እ.አ.አ በ1916 ቼንቶ በተባለች ከተማ አጠገብ ወይን ከሚያመርቱ ገበሬዎች ተወለደ። ከእርሻው ይልቅ የእርሻ መሣሪያው ይማርከው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሮድስ ደሴት የወታደር ተሽከርካሪዎችን ሲጠግን ቆየ። ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያን ገበሬ ትራክተር ይፈልግ ነበር፤ የመግዛት አቅሙ ግን ተዳክሟል። ፌሩቾ ጦርነቱ ትቷቸው የሄዱ የወታደር መኪኖችን ሞተርና ዕቃ እየፈታ ርካሽ ትራክተር መሥራት ጀመረ፤ እ.አ.አ በ1948 ደግሞ የትራክተር ፋብሪካውን መሠረተ።

ከትራክተሩ ባገኘው ሀብት ፌራሪ ገዛ። እርሱ ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የመኪናው ፍሪሲዮን እየተበላሸ አስቸገረው፤ ሲያስፈታውም በትራክተሮቹ ላይ ከሚገጥመው ፍሪሲዮን ጋር ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። ቅሬታውን ለኤንዞ ፌራሪ ባቀረበ ጊዜ የትራክተር ሠሪ ስለ ስፖርት መኪና ምን ያውቃል የሚል ንቀት ገጠመው። ታሪኩ የተነገረው በአንድ ወገን አንደበት ቢሆንም ውጤቱ ግን የታወቀ ነው። ፌሩቾ እ.አ.አ በ1963 ሳንታጋታ ቦሎኜዜ በተባለች መንደር የራሱን የስፖርት መኪና ፋብሪካ አቋቋመ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣችው ሚዩራ ስሟ ከታዋቂ የስፔን የኮርማ አርቢ ቤተሰብ የተወሰደ ነው። በዚህች መኪና ሞተሩ ከፊት ሳይሆን ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ተቀመጠ። የጭነት ፈረስ ያለው ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጭነት ወደ አንገት ወይም ወደ ጭራ ሲያዘነብል እንስሳው በመታጠፊያ ላይ ይቸገራል፣ መሃል ጀርባ ላይ ሲሆን ግን ሚዛኑን ይጠብቃል። ዛሬ አብዛኞቹ ታላላቅ የስፖርት መኪኖች ሞተራቸውን የሚያስቀምጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ፌሩቾ በ1970ዎቹ አጋማሽ የኩባንያዎቹን ድርሻ ሸጦ ማዕከላዊ ጣሊያን ውስጥ በሚገኘው መሬቱ እ.አ.አ በ1993 እስኪሞት ድረስ ወይን ሲያመርት ኖረ፤ የገበሬው ልጅ ወደ እርሻው ተመለሰ። የመኪና ፋብሪካው ዛሬ በጀርመኑ አውዲ ሥር ሲሆን፣ በስሙ የሚጠሩ ትራክተሮችም በሌላ ኩባንያ እየተመረቱ ማሳ ያርሳሉ።

ፍጥነት የሚያስከፍለው ዋጋ

የጣሊያንን የስፖርት መኪኖች ስመ ጥር ካደረጉት ውድድሮች አንዱ «ሚሌ ሚሊያ» ይባላል። እ.አ.አ በ1927 የተጀመረው ይህ ውድድር ከብሬሻ ከተማ ተነሥቶ ሮም ደርሶ የሚመለስ፣ 1 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ነበር። የሚካሄደውም ሰው በሚኖርበትና ሕፃናት በዳር ቆመው በሚያዩበት ተራ መንገድ ላይ ነበር። እ.አ.አ በ1957 በከፍተኛ ፍጥነት ይበር የነበረ የፌራሪ መኪና ጎማው ፈንድቶ ወደ ተመልካቾች ገባ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎችና ዘጠኝ ተመልካቾች ሞቱ፤ ከተመልካቾቹ መካከል አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። የጣሊያን መንግሥትም እንዲህ ያለውን የጎዳና ላይ የፍጥነት ውድድር አስቆመ።

እ.አ.አ ከ1977 ወዲህ ስሙ ተመልሷል፤ ዓላማው ግን ተለውጧል። በአሁኑ ጉዞ የሚሳተፉት በቀድሞው ውድድር ዘመን የነበሩ የመኪና ዓይነቶች ሲሆኑ፣ የሚለካውም ቀድሞ መድረስ ሳይሆን የተወሰነውን ሰዓት ጠብቆ መጓዝ ነው። ጉግስ በተለየ ሜዳና በሥርዓት እንጂ በገበያ መሃል እንደማይደረግ ሁሉ፣ ፍጥነትም ቦታና ሕግ እንደሚያስፈልገው ጣሊያኖች በሰው ሕይወት ዋጋ ተምረዋል።

አሮጌው ለምን ተወደደ?

እ.አ.አ በ2018 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ አንድ 250 ጂቲኦ የተባለ የ1962 ፌራሪ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የዚህ ዓይነት መኪና የተሠራው 36 ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋውን ያመጣው ጥቂት መሆኑ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መኪና በየትኛው ውድድር እንደተሳተፈ፣ ማን እንደነዳው፣ ለማን እንደተሸጠና የትኛው ክፍሉ እንደተቀየረ ተመዝግቦ ይታወቃል። መዝገብ የሌለው መኪና፣ ብረቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ፣ ዋጋው ይወርዳል።

ለዚህም ሲባል ጣሊያን ውስጥ እ.አ.አ በ1966 የተመሠረተ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ማኅበር አለ፤ ቢያንስ 20 ዓመት የሞላቸውን ተሽከርካሪዎች መርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የፌራሪ ኩባንያም የድሮ መኪኖችን የሚጠግንና ትክክለኛነታቸውን የሚያረጋግጥ ክፍል አለው። ስለዚህ መኪኖቹን ከቁርጥራጭ ብረት ያዳናቸው ሦስት ነገሮች ናቸው ማለት ይቻላል፤ መዝገብ፣ የባለሙያ እጅና የሚሰባሰብ ማኅበር።

ሰይቼንቶና ኤንትሬ

ኢትዮጵያ ውስጥ የጣሊያን መኪና ትዝታ ከስፖርት መኪና ይልቅ ከሥራ መኪና ጋር የተያያዘ ነው። ወራሪው የፋሽስት ጦር በ1928 ዓ.ም ሀገሪቱን ሲወር በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖችን ይዞ ገባ። አርበኞች ወራሪውን ካስወጡት በኋላ ሙያውና ቃላቱ ቀሩ። ዛሬ መካኒኩ ያለ ሐሳብ የሚጠራቸው ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራና ካቻቢቴ፣ እንዲሁም «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፌሩቾን ያስቆጣው ፍሪሲዮን በእንጅባራ ጋራዥም በዚያው ስሙ ይጠራል።

በኋላም ሰይቼንቶ በቤት መኪናነትና በታክሲነት አገልግላለች፤ «ኤንትሬ» የተባለው የፊያት የጭነት መኪና ደግሞ ዳገትና ቁልቁለቱን ተቋቁሞ እህልና ሸቀጥ አመላልሷል። እ.አ.አ በ1970 የተመሠረተው አምቼ የጣሊያን የጭነት መኪኖችን አዲስ አበባ ላይ ሲገጣጥም ቆይቷል። እነዚህን መኪኖች ለአሥርት ዓመታት በመንገድ ላይ ያቆዩት መለዋወጫ ሲጠፋ በእጃቸው ቀርጸው የሚተኩ ኢትዮጵያውያን መካኒኮች ናቸው።

አሁን ዘመኑ እንደገና እየተለወጠ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ፌራሪም ቢሆን እ.አ.አ በ2019 ይፋ ያደረገው ኤስ ኤፍ 90 ከሚያወጣው 1 ሺህ የፈረስ ጉልበት ውስጥ 220 የሚሆነው የሚመነጨው ከኤሌክትሪክ ነው። የነዳጅ ሞተር ተራው ደርሶ እንደ ፈረስ ጋሪ የትናንት ነገር ሲሆን፣ የሚተርፈው ሰው መዝግቦና ጠግኖ ያቆየው ብቻ ነው።

ለአዊም ጥያቄው ከዚህ የራቀ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ሰውን በማሰባሰብ ረገድ ሌላው ዓለም የሚቀናበት ተቋም ነው። ኮርቻና ግላስ የሚሠሩ እጆች ተተኪ እንዲያገኙ፣ የታወቁ ፈረሶች ስምና ዘር በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም እንዲቆይ ማድረግ ግን ገና ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ የግጦሽ መሬቱ ለእርሻና ለዲከረንስ ተክል እየተለቀቀ ባለበት በዚህ ጊዜ ፈረሱ የሚውልበት መስክ ያስፈልገዋል። በማራኔሎ ፋብሪካ በር ላይ ያለው ፈረስ ቀለም ብቻ ስለሆነ ሣር አይጠይቅም፤ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚጋልበው ፈረስ ግን ይጠይቃል።