ቃል የሌለው ዜማ ምን ይናገራል? ስለ ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» አልበም

የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ ለማጥናት የተነሣ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው የድምፃውያንን ስም ነው። ይህ አያስደንቅም። በኛ ባህል ዘፈን ከሁሉ አስቀድሞ ቃል ነው፤ አድማጭ ሰሙን አልፎ ወርቁን ይፈልጋል፣ ግጥሙን ያወድሳል ወይም ይነቅፋል። ዜማውን የደረሰው፣ ያቀነባበረው፣ መሣሪያውን የተጫወተው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ሥራ ይህን ልማድ እንድንመረምር የሚያስገድድ ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተሰኘ የሸክላ አልበም ዘፋኝ የለበትም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙን ከስሜን ተራሮች ብርቅዬ እንስሳ የወሰደው ይህ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። የባንዱን አቋም ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ሥርዓት ማስታወስ ይጠቅማል። ከ1924 ጀምሮ፣ ማለትም አርባዎቹ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ከመጡበትና ኬቮርክ ናልባንዲያን ሙዚቃን ማስተማር ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ፣ የነፋስ መሣሪያዎች ሙዚቃ በመንግሥት እጅ ያደገ ጥበብ ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ጦር ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ሙዚቀኛውም ደመወዝተኛ ወታደር ነበር። የዋልያስ የኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ራሱ ገና በልጅነቱ በጦር ሠራዊት ቤት ሙዚቃን የተማረ ነው። ዋልያስን የመሰሉ ባንዶች ከዚህ ተቋማዊ ጥላ ወጥተው፣ ከክበብና ከሆቴል ጋር ውል እየገቡ፣ በራሳቸው ስም የሚኖሩ የሙያ ማኅበራት ሆኑ።

በውጭ አገር ተመሳሳይ ምሳሌ ብንፈልግ የምናገኘው በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ ነው። ቡከር ቲ እና ኤምጂስ የተባለው ቡድን ስታክስ በተሰኘው የሸክላ ኩባንያ ውስጥ ለሶል ዘፋኞች አጃቢ ሆኖ ሲሠራ፣ በ1962 «ግሪን ኦኒየንስ» የተባለውን ዘፋኝ የሌለበት አልበም አወጣ። አልበሙ የራሳቸውን ድርሰቶችና አስቀድመው የታወቁ የሌሎች ዘፈኖችን አንድ ላይ የያዘ ነበር፤ መሪ መሣሪያውም ኦርጋን ነው። ዋልያስም እንዲሁ በሌላ ጊዜ ከድምፃውያን በስተጀርባ የሚቆም ባንድ ሲሆን፣ በዚህ ሥራው ግን ወደ ፊት ወጣ። ይሁን እንጂ ንጽጽሩን ከልክ በላይ መግፋት አይገባም። የሜምፊሱ ቡድን የሌላውን ዘፈን ሲጫወት ከገበያ ላይ የሚወስደው በአብዛኛው በቅርብ የታተመና ደራሲው የተመዘገበ ሥራ ነው። በኛ ዘንድ ግን «የሌላ ሰው ሥራ» እና «የራስ ሥራ» የሚለው ድንበር እንዲህ የጠራ አይደለም።

ይህን ከአልበሙ አርእስት መረዳት ይቻላል። «ቼ» ፈረስ ወይም በቅሎ የሚኮለኮልበት ቃል ነው፤ ሐረጉ ከታተመ ሥራ አስቀድሞ በሕዝብ አፍ የነበረ ነው። «ሎሚ ተራ ተራ» የሕዝብ ዜማ ነው። «እቲ ጓል ብሌናይ» የትግርኛ ዘፈን ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ የግርማ በየነ ድርሰት ነው። እንግዲህ በአንድ ሸክላ ላይ ባለቤቱ ሕዝብ የሆነ ዜማ፣ በሌሎች አፍ የታወቀ ዘፈንና ለመሣሪያ የተዘጋጀ አዲስ ድርሰት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። በኤርትራ ጦርነቱ እጅግ በበረታበት በ1977 የትግርኛው ዜማ ከአማርኛው ጋር ያለ ምንም ማብራሪያ አብሮ መቅረቡም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ይህን የምንለው ፖለቲካዊ ዓላማ ነበረው ለማለት ሳይሆን፣ የአዲስ አበባ አድማጭ ጆሮ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር ለማመልከት ነው።

ቃሉ ሲወጣ ቦታውን የሚይዘው ምንድን ነው? መልሱ በአጨዋወቱ ውስጥ ይገኛል። በባህላዊ ዘፈናችን አውጪና ተቀባይ አለ። በዚህ አልበም የአውጪውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ኦርጋኑ ይይዛል፤ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና የዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት ተቀባይ ሆነው ይመልሱለታል። ኃይሉ አንዱን ድምፅ ቀጥ አድርጎ አይለቀውም፤ ዘፋኝ ጉሮሮውን እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ባለ መሰንቆም ጣቱን በጭራው ላይ እንደሚያንሸራትት ያወዛውዘዋል። ከበሮውና የመላኩ ገብሬ ቤዝ ጊታር ግን ከአሜሪካ የመጣውን የሶልና የፈንክ ምት ይዘዋል። ሁለቱ ሳይጋጩ የሚኖሩበት ምክንያት አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው፤ የጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ዜማም አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ድምፅ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ስለዚህ ሶል ለሙዚቀኞቻችን ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። በጥቂት ቁርጥራጮች ላይ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን መሳተፉም አልበሙን ሙላቱ አስቀድሞ ከጀመረው የኢትዮ ጃዝ ሙከራ ጋር ያያይዘዋል።

አልበሙ የታተመበትን ጊዜ አንባቢ አይዘነጋውም። ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ዓመት ነው። የሰዓት እላፊ ገደብ ስለነበረ፣ ወደ ምሽት ክበብ የገባ ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም፤ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ሲጨፍር ያድራል። ግጥም በሳንሱር ያልፋል። ከዚህ በመነሣት ዋልያስ ቃልን የተወው ሳንሱርን ለመሸሽ ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሳንሱር የሚሠርዘው ቃል ከሌለ ሥራው ይቀላል። ነገር ግን ብቸኛው ምክንያት አድርጎ መውሰድ ሁለት ነገሮችን ያስረሳል። አንደኛው፣ የሙላቱ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ከአብዮቱ በፊት፣ በ1972፣ የወጣ ዘፋኝ አልባ አልበም መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በሆቴል ለእራትና ለዳንስ የሚጫወት ባንድ ያለ ዘፋኝ መጫወት የዕለት ሥራው መሆኑ ነው። እኛ በስደት ያለን ሰዎች በዚያ ዘመን የተሠራውን ሁሉ ወይ የአገዛዙ አገልጋይ ወይ የተቃውሞ ሰነድ አድርገን የማየት ዝንባሌ አለን። «ቼ በለው» ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ሰዎች በሞት መካከል ሙያቸውን በጥንቃቄ መሥራታቸውን የሚመሰክር ሥራ ነው፤ ይህም በራሱ ታሪካዊ ማስረጃ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። ሸክላውን ያሳተሙት፣ አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት የካይፋ ሪከርድስ ባለቤት ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ሸክላ ማሳተም ቀርቶ ካሴት ተተካ። በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላኩ በዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ በእረፍቱ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ እየተለማመደ፣ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ራቀ። ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ያገኘ አሜሪካዊ አሳታሚ በ2013 እንደገና አወጣው፤ በ2014 ደግሞ «ቼ በለው» ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አቀረበ። ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2017 ከፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አዲስ አልበም አወጣ። በዚህ መካከል «ሙዚቃዊ ስልት» በ1994 በአውሮፓ በወጣ ስብስብ ላይ ታትሞ፣ በ1998 ዘ ዳክታሪስ በተባለ የአሜሪካ ባንድ፣ በ2000 ደግሞ በቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ ተቀረጸ።

ጉዳዩ ለኛ ለምን ይገደናል? ይህን የምንጽፈው በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዋይትሆርን ሆነን ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆች «ሙዚቃዊ ስልት»ን ያውቁታል፤ ነገር ግን ያወቁት ከባዕዳን ቅጂ ነው፤ የደራሲውንም ስም አይናገሩም። በሌላ በኩል ወላጆቻቸው «ሎሚ ተራ ተራ»ን በኦርጋን ሲሰሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የጎደለውን ቃል ከራሳቸው ይሞሉታል። ቃል የሌለው ዜማ የሚናገረው ቃሉን ለሚያውቅ ነው። ስለሆነም አንዱ ሸክላ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሆናል፤ ለአባት የተሰወረ ዘፈን፣ ለልጅ ደግሞ ንጹሕ ሙዚቃ። የልጁ አሰማም ከአባቱ ያነሰ ነው አንልም፤ እንዲያውም የአቀነባባሪውንና የተጫዋቹን ሥራ ከግጥም ሳይሸፈን የሚሰማው እርሱ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበን ሁለቱ ሳይገናኙ እንዳይቀሩ ነው።

የሙዚቃው ዳግም ሕትመት በአብዛኛው በውጭ ሰዎች ጥረት የተፈጸመ መሆኑን በምስጋና መቀበል ይገባናል። እነርሱ ሊሠሩልን የማይችሉት ግን አለ። የየዜማውን አርእስት በራሳችን ፊደል በትክክል መጻፍ፣ ዜማው በማን አፍ ይዘፈን እንደነበር፣ ቃሉም ምን እንደነበር ከሚያስታውሱ ሰዎች መጠየቅ፣ የደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም ለይቶ ማስፈር የኛ ሥራ ነው። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ካሴቶችም ሰነዶች ናቸው። ከሸክላው ላይ ድምፁ ተርፏል፤ ቃሉ ግን የሚገኘው በሰዎች ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰው ደግሞ እንደ ሸክላ ዳግም አይታተምም።