ውሃ የማያድርበት ጓሮ

እስራኤል፣ አሽዶድ ውስጥ ጓሮዬን መጀመሪያ የቆፈርኩ ቀን ዶማዬ ድንጋይ አልነካም፣ ሥር አልበጠሰም፣ ክንዴም አልዛለም። የጤፍ ክምር ውስጥ እጅ እንደ መክተት ነበር። ደስ ብሎኝ የቃሪያ ችግኝ ደረደርኩና በባልዲ አጠጣሁ። ውሃው ኩሬ እንኳን ሳይሠራ፣ ባልዲውን ቀና ሳላደርግ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ቃሪያው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ጎንደር ገጠር ያደጉ አንድ ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ በወንፊት ውሃ ትቀዳለህ እንዴ?» አሉኝ።

ወንፊት ማለታቸው ልክ ነው። የአሸዋ ቅንጣት ከ0.05 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል። በትልልቆቹ ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ውሃው ሳያርፍ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሟሟውን ማዳበሪያም ይዞት ይሄዳል። ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ካሬ ሜትር መደብ ላይ ሥሩ 20 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ አሸዋው ለተክሉ ይዞ የሚያቆየው ውሃ 15 ሊትር ቢሆን ነው፤ ግማሹ ሲያልቅ አትክልቱ መጨነቅ ይጀምራል። በበጋው ፀሐይ ከዚያው መደብ በቀን ከ5 እስከ 6 ሊትር ይጠፋል። ዛሬ ጠዋት የጠጣ ቲማቲም ነገ ከሰዓት ይጠማዋል ማለት ነው። «በሳምንት አንዴ በደንብ ላርካው» ብሎ 40 ሊትር ያፈሰሰበት ሰው ደግሞ ከ20 ሊትር በላዩን ከሥር በታች ላለው አሸዋ መግቦ ይገባል።

ይህ አሸዋ የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን ያወጣውን ኳርትዝ የባሕሩ ሞገድ በሲናና በጋዛ ዳርቻ እየገፋ ወደ ሰሜን አመጣው። ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደው ጥቁር ደለል ግን አብዛኛው ግብፅ ላይና ባሕሩ ውስጥ ቀርቷል። ስቡ እዚያ ቀረ፣ አጥንቱ እዚህ ደረሰ። አሽዶድ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቆረቆረችው በአሸዋ ክምር ላይ ነው። ከጎንደርና ከትግራይ መጥተው እዚህ፣ አሽቀሎንና ኔታንያ የሠፈሩ ቤተ እስራኤሎች በየሕንጻው ሥር ጎመንና በቆሎ የሚያበቅሉት ከእሱ ጋር እየታገሉ ነው።

ትግሉ የሚከብደው እኛ ይዘነው የመጣነው ዕውቀት የተገላቢጦሽ ስለሆነ ነው። የዋልካ አገር ገበሬ ጭንቀቱ ውሃ መብዛቱ ነው፤ ቦይ ያወጣል፣ መደቡን ከፍ ያደርጋል፣ ያጠነፍፋል። ሐምሌም ለእኛ የዝናብ ወር ነው። እዚህ ሐምሌ ጠብታ አይወርድበትም፤ ዝናቡ የሚጀምረው ጥቅምት አካባቢ ነው። እኔም በልማድ መደቤን ጉልበቴ ድረስ ከፍ አድርጌ ሠርቼ ነበር። ነፋሱ በየጎኑ አደረቀውና አፈረስኩት።

በአሸዋ ላይ መደብ ዝቅ ይላል። ይህን የባሕር ዳርቻው ሰዎች ጥንት ያውቁት ነበር። አርኪዮሎጂስቶች በቂሳርያና በያቭኔ አቅራቢያ ከዛሬ 1000 ዓመት ገደማ በፊት የተቆፈሩ የእርሻ ጉድጓዶች አግኝተዋል። ገበሬዎቹ በአሸዋ ክምሮች መካከል ያለውን ረባዳ ወደ ከርሰ ምድር ውሃው እስኪጠጋ ቆፍረው፣ ያወጡትን አሸዋ ዙሪያውን እንደ ግድብ ከመሩት። ከዚያም የከተማውን ቆሻሻ፣ አመዱንና የሸክላ ስባሪውን አምጥተው ደባለቁበት። በጋዛ ዳርቻ አል-መዋሲ በሚባለው አካባቢም ገበሬዎች በዚሁ ዘዴ እስከ እኛ ዘመን አርሰዋል። ለጓሮ የዚህን ያህል ጥልቀት አያስፈልግም፤ መደቡን ከመተላለፊያው አንድ ስንዝር ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማብላት ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበሰለ ኮምፖስት አልብሶ ከላይኛው አሸዋ ጋር ማደባለቅ፤ ይህ ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ሊትር ነው። «አንዴ ካዳበርኩት አበቃ» የሚል ሰው ይሞኛል። ሞቃትና አየር የሚገባበት አሸዋ ውስጥ ብስባሹ ቶሎ ስለሚበላ በየወቅቱ መጨመር ግድ ነው። ያልበሰለ የዶሮ ኩስ ግን ይቅርባችሁ፤ ሥር ያቃጥላል፣ ጨውም ያመጣል። ላዩን በገለባ ወይም በደረቀ ሣር መጎዝጎዝ ትነቱን ይቀንሳል።

ውሃውን በተመለከተ የጠብታ መስኖን የሚያህል የለም። መሐንዲሱ ሲምሐ ብላስ የሠራው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1965 በሐጸሪም ኪቡጽ በተቋቋመው፣ ኔታፊም በሚባለው ድርጅት መመረት ጀመረ፤ ዛሬ ቱቦው በየዕቃ መደብሩ በሜትር ይሸጣል። ሲገዙ የሚረሳው ነገር የቀዳዳው ርቀት ነው። ከአንዷ ጠብታ ሥር ብትቆፍሩ ታዩታላችሁ፦ በሸክላ አፈር ውስጥ እርጥበቱ እንደ ቀይ ሽንኩርት ወደ ጎን ይነፋል፤ በአሸዋ ውስጥ እንደ ካሮት ቀጥኖ ይወርዳል። ለዚህ ነው ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው፣ ውሃው በትንሽ በትንሹ በየቀኑ መሰጠት ያለበት። ማዳበሪያም እንደዚያው ተቆንጥሮ ቶሎ ቶሎ ነው።

አሸዋ የሚክስበት ነገርም አለው። ካሮት ሳይጣመም ይወርዳል፣ ስኳር ድንች ያለ ዶማ በእጅ ይወጣል፣ ነጭ ሽንኩርት ሲነቀል ታጥቦ የመጣ ይመስላል። ጎመንም በመስከረም ተዘርቶ ከጥቅምት የሚጀምረውን ዝናብ ካገኘ የሚያስቸግር አይደለም።

የማይወራለት ጠላት ኔማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ ትል ሲሆን ልል አሸዋ እንደ ልቡ ይሄድበታል። ውሃ እየጠጣ የሚጠወልግ ቲማቲም ካያችሁ ነቅላችሁ ሥሩን ተመልከቱ። እንደ ዶቃ የተሰካካ ዕባጭ ካለበት እሱ ነው። ባቄላ ላይ ግን አትደንግጡ፤ የባቄላ ሥር የራሱ ጠቃሚ ኳሶች አሉት፣ በጥፍር ሲነኩ ይወልቃሉ። የኔማቶዱ ዕባጭ የሥሩ አካል ስለሆነ አይወልቅም።

መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ያዕቆብ ካታን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳወቀው ዘዴ እንዲህ ነው፦ መደቡን በደንብ ማራስ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ መሸፈን፣ ጠርዙን በአሸዋ መቅበርና ከ4 እስከ 6 ሳምንት መተው። ጥቁር ፕላስቲክ ሙቀቱን ራሱ ላይ ያስቀረዋልና አይመረጥም። ኔማቶዱን አይጨርሰውም፤ ጠልቆ የተደበቀው ይተርፋል፤ ግን ለአንድ ወቅት ፋታ ይሰጣል። እኔ ሐምሌ መጨረሻ ላይ እሸፍናለሁ። ፕላስቲኩ ሲነሣ መስከረም ጠብቷል፣ ጎረቤቴም የጎመን ዘራቸውን በጨርቅ ቋጥረው አጥሩ ጋ ይቆማሉ።