የሕፃናት ቁርስና የፓኮው ቀለም

ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት ወደ ጋምቤላ ሲመለስ ለታናሽ እኅቱ ከአዲስ አበባ አንድ ፓኮ የቁርስ እህል ገዝቶ ሄደ። እህሉ እንደ ቀለበት የተሠራ ሆኖ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነበር። ወተት ሲፈስበት ወተቱ ቀለም ያዘ፤ ልጅቱም ደስ አላት። እናታቸው ግን «እንዲህ ያለ እህል የሚበቅለው በየትኛው አገር ነው?» ብለው ቢጠይቁት መልስ አጣ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ልንመረምረው ወደድን።

በቆሎም ሆነ ስንዴ ተፈጭቶ ሲጋገር መልኩ ፈዛዛ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው። ደማቁ ቀለም የሚጨመረው በፋብሪካ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1856 እ.ኤ.አ. ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሰው ሠራሽ ቀለም ካወጣ በኋላ፣ እንዲህ ያሉ ቀለሞች ከጨርቅ አልፈው ወደ ምግብ ገብተዋል። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት ከነዳጅ ዘይት ነው። ቀለሙ ለሰውነት ኃይል አይሰጥም፤ አጥንትም አይገነባም። የሚያገለግለው ዓይንን ብቻ ነው።

ታዲያ ይጎዳልን? እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። በ2007 እ.ኤ.አ. የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንድ ቀለሞችን ሶዲየም ቤንዞኤት ከተባለው ማቆያ ጋር ቀላቅለው ለሕፃናት በሰጡ ጊዜ፣ መቁነጥነጥ ጥቂት ጨምሮ አገኙ፤ ውጤቱ ግን በሁሉም ልጅ ላይ እኩል አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስድስት ቀለሞች የገቡበት ምግብ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ። እንግዲህ ቀለሙ መርዝ ነው ባንልም፣ ጥቅም ለሌለው ነገር ልጅን ለጥርጣሬ መስጠት ምን ይበጃል?

ፓኮ መግዛት የግድ የሆነ እንደ ሆነ የጎኑን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ታርትራዚን ኢ102፣ ሰንሴት የሎው ኢ110፣ አሉራ ሬድ ደግሞ ኢ129 ተብለው ይጻፋሉ። በአሜሪካ ፓኮ ላይ እነዚሁ ቢጫ 5፣ ቢጫ 6 እና ቀይ 40 ይባላሉ። ሆኖም «ኢ» ያለበት ሁሉ ሰው ሠራሽ አይደለም፤ ኢ162 ከቀይ ሥር የሚገኝ ቀለም ነው።

ይልቁንም ቀለም የሌለበት ቁርስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባሮ ሞልቶ ሲጎድል በዳርቻው የሚዘራው በቆሎና በየመንደሩ የሚበቅለው ማሽላ ገንፎ ሆነው ብዙ ትውልድ አሳድገዋል። በጋምቤላ ካምፖች ለስደተኞች ሕፃናት ሲታደል የኖረው የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄትም መልኩ የእህሉ መልክ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተዘጋጀው ፋፋም ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተሠራ ነበር።

ከእነዚህ ድብልቆች የምንማረው ቁም ነገር አለ። ቀለም የሌለው ሁሉ የተሟላ ምግብ አይደለም። የበቆሎ ገንፎ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅን በሚገባ አያሳድግም። ስለዚህ ወተት፣ ባቄላ፣ ወይም ደቅቆ የተፈጨ ለውዝ ይጨመርበት። ልጁ ቀለም ካማረው በጋምቤላ ማንጎ ሞልቷል፤ የማንጎው ቢጫነት ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በሞቃትና እርጥበት ባለው አገር በደንብ ያልደረቀ በቆሎና ለውዝ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። ይህን መርዝ መቀቀል አያጠፋውም። ስለዚህ የፓኮውን ቀለም ፈርቶ የሻገተ እህል መፍጨት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

እኛ ፊደል የቆጠርን ለዕረፍት ስንመለስ ለታናናሾቻችን የምንይዘውን እናስብበት። የአንድ ፓኮ ዋጋ ብዙ ቀን የሚበቃ ወተትና ለውዝ ይገዛል። ለእናታችን ጥያቄም መልሱ ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለ እህል በየትም አገር አይበቅልም።