ለፔዳልም ለእግር መንገድም የሚሆን ጫማ

ብስክሌት ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ጎማውን ይጫናል፤ ፍሬኑን ይፈትናል፤ ማርሹን ይለዋውጣል፤ በዋጋውም ይከራከራል። ጫማውን ግን አያስብም፤ ከቤት ያለው ይበቃል ይላል። ይህ አሳብ ለከተማ አስፋልት ይበቃ ይሆናል። በጠጠር መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ጫማ ከብስክሌቱ ዕቃዎች እንደ አንዱ የሚቆጠር ነውና፣ በዚህ ወር ለአንባብያን ቤተሰቦች ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። አሳባችንንም ከመጀመሪያው ለመግለጽ፣ የብስክሌተኛ ጫማ በአገራችን ሊመረጥ የሚገባው በፔዳል ላይ በሚያሳየው ብርታት ሳይሆን ሰውየው ከብስክሌቱ ወርዶ በሚራመድበት ጊዜ በሚሰጠው አገልግሎት ነው እንላለን።

ምክንያቱን ለመረዳት የደጀንን ምድር ማየት ይበቃል። ደጀን በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች የጎጃም በር ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋና መንገድ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀውን ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወጥቶ ደጀን ይገባል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ዳገት ከኮርቻው ሳይወርድ የሚጨርስ ጎበዝ ቢገኝ ልናደንቀው ይገባል፤ አብዛኛው ሰው ግን ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣዋል። ዳገቱ ካለቀ በኋላ ምድሩ ይለጥቃል፤ አንዱ መንገድ በየትኖራና በሉማሜ አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ ሌላው ወደ ብቸና ይታጠፋል። ከእነዚህ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ ሰው የሚያገኘው ግን ፒስታ ነው፤ ይኸውም ጠጠር የፈሰሰበት ወይም የሰው እግርና የከብት ኮቴ ያደላደለው አፈር ነው። በበጋ አቧራው ይጨሳል። በክረምት ደግሞ ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር ዋልካ ጎማውንም ጫማውንም እንደ ሊጥ ይይዛል።

በእንዲህ ያለ መንገድ ብስክሌተኛ ማለት ግማሽ እግረኛ ማለት ነው። ዳገቱ ሲጠናበት ወርዶ ይገፋል፤ ጅረት ሲያጋጥመው ብስክሌቱን ተሸክሞ ይሻገራል፤ ከብት መንገዱን ሲሞላው ዳር ይዞ ያሳልፋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ወርዶ ተሳልሞ ያልፋል። ተማሪም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ የጤና ሠራተኛም ቢሆን፣ ካሰበበት ከደረሰ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚቆመውና የሚራመደው በዚያው ጫማ ነው።

የሚያስገርመው ነገር፣ እኛ ቸግሮን የምንሄድበትን ፒስታ የውጭ አገር ሰዎች ለደስታ ሲሉ ፈልገው የሚሄዱበት መሆናቸው ነው። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት፣ ኤምፖሪያ በምትባለው ከተማ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቅ የጠጠር መንገድ የብስክሌት ውድድር ይደረጋል። የዓለም የብስክሌት ማኅበርም በ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የጠጠር መንገድ የዓለም ሻምፒዮና በኢጣልያ በቬኔቶ አውራጃ አካሂዷል። ከዚህም የተነሣ ጫማ ሠሪዎች «የጠጠር ጫማ» እያሉ የሚሸጡት አዲስ ዐይነት ወጥቷል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ከሁለት የቆዩ ጫማዎች የተዳቀለ ነው።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በሜልቦርን ስትሳተፍ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን የተወዳዳሪዎች ጫማ ቀጭን የቆዳ ጫማ ሲሆን፣ እግር ከፔዳሉ ጋር የሚያያዘው በብረት ቀለበትና በጠፍር ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ከሚያዝበት ዘዴ ወስዶ፣ ከጫማው ሶል ሥር በብሎን የሚታሰርና ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚገባ መንጠቆ አወጣ፤ በርናር ኢኖም በማግሥቱ ዓመት በዚሁ ፔዳል የፈረንሳይን ዙር አሸነፈ። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ መንጠቆውን አሳንሶ ከብረት ሠራውና በሶሉ ጎድጓዳ ውስጥ ደበቀው፤ ይህም ለተራራ ብስክሌት የተሠራ ነው። የዛሬው የጠጠር ጫማ አባቱ ይኸኛው ነው።

የመጀመሪያው፣ ማለትም በሦስት ብሎን የሚታሰረው የአስፋልት ጫማ፣ ለእኛ መንገድ አይሆንም። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀድሞ በፈረንሳይ ዙር ሲሳተፍ እንዲህ ያለው ጫማ የሚገባው ነበር፤ እርሱ ወርዶ ብስክሌት የሚገፋ ሰው አይደለምና። ሶሉ እንደ ጣውላ የደረቀ ነው፤ መንጠቆውም ወደ ውጭ የወጣ ስለሆነ በድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፤ ብዙ ከተራመዱበትም ተበልቶ ያልቃል። በሰልባጅ ገበያ አንዳንድ ጊዜ በርካሽ ይገኛልና ውበቱ አያታልላችሁ።

ሁለተኛው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰረው፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ መንጠቆው በጥርሶቹ መካከል ስለ ተሸሸገ ሰውየው እንደ ልቡ ይራመዳል። ረጅም መንገድ ለሚሄድ፣ በቀን ሦስትና አራት ሰዓት ኮርቻ ላይ ለሚቀመጥ ሰው መልካም ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ስለ ዋልካ ነው፦ ጭቃው በመንጠቆው ዙሪያ ሲጠቀጠቅ ፔዳሉ አልይዝ ይላል፤ ከያዘም አልለቅ ይላል። ስለዚህ የዚህ ጫማ ባለቤት ትንሽ እንጨት በኪሱ ይዞ መጥረግ አለበት፤ ክረምት ከገባ በኋላ ግን እንጨቱም ብዙ አይረዳም። ሁለተኛው ስለ ጉልበት ነው። መንጠቆው የሚታሰርበት ቦታ ከአውራ ጣት በታች ባለው የእግር እብጠት ትይዩ፣ ወይም ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ ነው፤ እግር ያለ ልኩ ዞሮ ከታሰረ በሺህ የሚቆጠር ዙር ጉልበትን ያለ አግባብ ያጣምማልና፣ ጉልበቱ መታመም ሲጀምር መጀመሪያ የሚመረመረው የመንጠቆው አቀማመጥ ነው። አዲስ ሰው ደግሞ የፔዳሉን መያዣ አላልቶ፣ ሣር ላይ ሆኖ እግሩን ተረከዙን ወደ ውጭ በመጣል ማላቀቅን ደጋግሞ ይለማመድ። ገበያ መካከል ቆሞ እግሩን ማላቀቅ ያቃተው ሰው እንደ ተቆረጠ ዛፍ ነው የሚወድቀው።

ለአብዛኛው የደጀንና የአካባቢዋ ሰው የሚሻለው ግን ሦስተኛው፣ ምንም መንጠቆ የሌለው ጫማ ነው ብለን እናምናለን። ይኸውም ሰፋ ባለ፣ ጥርስ ባለው ተራ ፔዳል ላይ የሚረገጥ፣ የጎማ ሶል ያለው ጠንካራ ጫማ ነው። ልዩ ስም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የሶሉ ልክ ነው። ሸራ ጫማ በጣም ስለሚተጣጠፍ የፔዳሉ ብረት ሶሉን አልፎ እግርን ይወጋል፤ ከሰዓት በኋላ ውስጥ እግሩ ይቃጠላል። የኮንጎ ጫማ እግርን ከአፈር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ላብ ሲጠራቀም እግር በውስጡ ይንሸራተታል። በረባሶ ለመንገድ የማይሞት ነው፤ በፔዳል ላይ ግን የእግር ጣት ተጋልጦ ይቀራል። የሥራ ቦት ጫማ ደግሞ ከባድ ሆኖ ቁርጭምጭሚትን ያስራል። በእነዚህ መካከል የሚገኘው፣ ጫፉ ጠንከር ያለ፣ ሶሉ መካከሉ ላይ የማይታጠፍና ከጣቶች ሥር ብቻ ጥቂት የሚታጠፍ ጫማ ነው የሚፈለገው።

ይህንንም ሱቅ ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። ጫማውን በሁለት እጅ ይዞ ማጠፍ፦ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ይተው፤ ፈጽሞ አልታጠፍ ካለም ይተው። ከዚያ መጫማትና ደረጃ መውጣት መውረድ ነው። ሲወጡ ተረከዝ ከጫማው የሚነሣ ከሆነ፣ ብስክሌት በሚገፉበት ዳገት ላይ ያ ተረከዝ ይላጣል። ሲወርዱ ጣት ከፊት የሚገጭ ከሆነ፣ በቁልቁለት ጥፍር ይጠቁራል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ የሚሆን ቦታ ይቅር። እግር ሲውል ያብጣልና የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ የሚለካውም በመንገድ በሚለበሰው ካልሲ ነው። ሻጩ «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለውን ብዙ አትመኑ፤ ቆዳ ወደ ጎን ጥቂት ይሰፋል እንጂ ወደ ፊት አይረዝምም።

እዚህ ላይ ለወላጆች የምንለው አለ። ልጅ ያድጋል በማለት ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ መግዛት በቤታችን የተለመደ ነው። ለብስክሌት ግን ይህ ቁጠባ አይሆንም፤ እግር በውስጡ እየዋለለ ፔዳሉን ይስታል፤ ልጁም አንገላታኝ ብሎ ያወልቀዋል። አንድ ቁጥር ይብለጥና በወፍራም ካልሲ ይሙላ።

ማውለቁ ነው ዋናው ጉዳት። በገጠራችን አዲስ ጫማ እንዳያልቅ ተብሎ በእጅ ተይዞ፣ ወይም በብስክሌቱ መሪ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በባዶ እግር መሄድ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። የአበበ ቢቂላም ነገር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ማራቶን ማሸነፉ እውነት ነው። ግን የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው ነበር፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ዳግመኛ ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ፣ በሮም ከሮጠበት ጊዜም ሦስት ደቂቃ አሻሽሎ ነበር። የሮም መንገድ ደግሞ የጎጃም አፈር አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ሕዝቡ ዝሆኔ ብሎ የሚጠራው የእግር እብጠት፣ በደጋው አገር በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ከተፈጠረው ቀይ አፈር የሚመጣ ነው። ደቃቁ የአፈር ቅንጣት በተላጠና በተሰነጠቀ እግር ገብቶ ዓመታት ቆይቶ እግርን ያሳብጣል። ኤርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሲሠራ የበሽታውን ከአፈር ጋር መገናኘት መርምሮ ስሙን አወጣለት። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ይህ በሽታ ከበዛባቸው አውራጃዎች መካከል ናቸው። ትል የሚያመጣው ዝሆኔ አለ፤ ይህኛው ግን ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሕፃኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን በየቀኑ በሳሙና ቢታጠብ ፈጽሞ ሊከላከለው ይችላል። እንግዲህ ሲራመዱ የሚወልቅ የብስክሌት ጫማ ባለቤቱን በትክክል አፈሩ በሚያገኘው ሰዓት ባዶ እግሩን ይተወዋል። ምቾት ያለው ጫማ ይገዛ ስንል ስለ ቅንጦት የምንናገር እንዳይመስል ይህን ጻፍነው።

በዚሁ ምክንያት ላዩ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ነፋስ የሚያስገባ ጫማ ለእኛ በጋ አናመሰግነውም፤ ነፋሱ ሲገባ አቧራውም ይገባል። ቆዳ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሸራ ይሻላል። ጅረት ተሻግሮ የራሰ ጫማ ግን በእሳት ዳር ወይም በጠራራ ፀሐይ አይድረቅ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሙጫውም ይለቃል። ንጣፉን አውጥቶ፣ ውስጡን በጋዜጣ ወረቀት ሞልቶ፣ በጥላ ማሳደር ነው። ጠዋት ወረቀቱን መለወጥ።

ስለ ዋጋ ስናስብ፣ ጫማ ሰፊ ሊጠግነው የሚችለውን መምረጥ ይገባል። ሶሉ ዙሪያውን የተሰፋ ጫማ ሲላቀቅ እንደገና ይሰፋል፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘው አንዴ አፉን ከከፈተ ቆይታው አጭር ነው። ሰልባጅ የሚገዛም ሰው ሶሉን በጥፍሩ ይጫነው፤ ለብዙ ዘመን ከመጋዘን የቆየ ሶል መልኩ ደህና ሆኖ ሳለ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ዳቦ ይፈረፈራል።

የቀረው ማሰሪያው ነው። በቁልፍ የሚዞር ቀጭን የሽቦ ማጥበቂያ ያላቸው አዳዲስ ጫማዎች አሉ፤ ሽቦው ሲበጠስ ግን መለዋወጫው በቅርብ አይገኝም። ተለጣፊው ማሰሪያ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ለማውለቅ ፈጣን ነው፤ ጭቃና ጭራሮ ሲሞላው ግን መለጠፉን ይተዋል። ተራው ክር በየትኛውም ሱቅ ይገኛል። በሚታሰርበት ጊዜ ቋጠሮው ከመካከል ወደ ውጭኛው የእግር ጎን ዞር ይበል፤ የተረፈውም ጫፍ በታሰረው ክር ሥር ይሸጎጥ፤ ይልቁንም የቀኝ እግሩ፣ ካቴናው በዚያ በኩል ነውና።