በባሕረ ሐሳብ ኮድ ውስጥ ስላለው ድግግሞሽ

አንድ ወዳጄ አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጣውን የስልክ መተግበሪያውን ኮድ እንዳይለት ቢልክልኝ፣ ከዐቢይ ጾም አንሥቶ እስከ ጾመ ድኅነት ለእያንዳንዱ የየራሱን ፋንክሽን ጽፎ፣ በመባጃ ሐመር (ጾመ ነነዌ በምትውልበት ቀን) ላይ ተውሳኩን (የየራሱን ተደማሪ ቍጥር) ደምሮ፣ ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ወሩን የሚያሻግረውን ያንኑ መስመር በየፋንክሽኑ ደጋግሞት አገኘሁ። ሊቃውንቱ ወሩን በልቡናቸው ስለሚይዙት፣ ሠላሳ ሠላሳውን እየገደፉ የትንሣኤን ተውሳክ 9፣ የጰራቅሊጦስን 28 ይላሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን ከጾመ ነነዌ ያለውን ሙሉ ርቀት፣ ይኸውም ለዐቢይ ጾም 14፣ ለሆሣዕና 62፣ ለስቅለት 67፣ ለትንሣኤ 69፣ ለጰራቅሊጦስ 118 ብለን በአንድ ሰንጠረዥ ብናኖርለት፣ ወር ማሻገሩ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል፤ ሁሉም የነነዌ ተከታዮች መሆናቸውም ከኮዱ ላይ ይነበባል። በ2017 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 3 ስለ ዋለች፣ 69 ቀን ቢጨመርባት ሚያዝያ 12፣ የፋሲካው ዕለት፣ ይመጣል።

ይህ ቀላሉ ነው። እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኙኝ አበቅቴና መጥቅዕ ናቸው። ኮዱ ወንበሩን (ዓመተ ዓለም በ19 ሲገደፍ ከሚተርፈው ላይ አንድ ተነሥቶ የሚገኘውን) በ11 አባዝቶ በ30 እየገደፈ አበቅቴን፣ በ19 አባዝቶ እንደዚያው እየገደፈ መጥቅዕን ያወጣል፤ እነዚህን መንታ መስመሮች ያየ ፕሮግራመርም እጁ የሚቸኩለው ማባዣውን የሚቀበል አንድ ፋንክሽን ለመሥራት ነው። እንዲህ ሲሆን ድግግሞሹ ይጠፋል እንጂ ዝምድናው አይገለጥም፤ 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፣ መጥቅዕ ማለት ከ30 ላይ አበቅቴ ሲነሣ የሚተርፈው ነውና። ይህንኑ በቀጥታ ብንጽፈው፣ እንደ 2006 ዓ.ም. ወንበሩ ዓልቦ በሆነ ጊዜ መጥቅዕ ራሱ 30 ሆኖ ስለሚወጣ፣ «0 ከሆነ 30 በል» የሚለው፣ ለምን እንደ ተጻፈ ማንም የማያስታውሰው መስመር ይሰረዛል።

ወዳጄ በዚህ ተደስቶ በኮዱ ያሉትን 19 ሁሉ በአንድ ስም ሊጠራቸው ሲነሣ ግን ከለከልሁት፤ ዓመተ ዓለም የሚገደፍበት 19 የንዑስ ቀመር ዓመታት ቍጥር ሲሆን፣ መጥቅዕን የሚያወጣው 19 ግን ከ30 ላይ 11 ሲነሣ የተረፈው ነው፤ ያም 11 የፀሐይ 365 ዕለት ከጨረቃ 354 የሚበልጥበት ነው። 30ም እንዲሁ ሁለት ነው፤ አንዱ የወራችን ዕለታት፣ ሌላው አበቅቴ የሚገደፍበት።

ያልተስማማነው በጰራቅሊጦስ ነው። በዓሉ የሚቈጠረው ከትንሣኤ ስለ ሆነ፣ እኔ «ከትንሣኤ 49» ተብሎ እንዲጻፍ ወደድሁ፤ እርሱ ግን ሰንጠረዡን ለሚያርም መሪጌታ ሁሉም ከነነዌ ቢቈጠር ይቀለዋል ብሎ 118ን እንዳለ ተወው።