«ወርሪ ኬ ኤኙ?»

ከሚሴ መናኸሪያ ቆሞ «መሐመድ ሰይድ!» ብሎ ለተጣራ ሰው የሚዞርለት አንድ መሐመድ ብቻ አይደለም። «የማን ሰይድ?» ይባላል። አያት ይጠራል። አያቱም ይማም ወይም እንድሪስ ከሆነ ነገሩ ገና አልለየም፤ «የባቲው ነው የሰንበቴው?» ወደሚለው ይኬዳል። የቤተሰብ ስም ያላቸው አገሮች ይህን ጣጣ በአንድ ቃል ይገላገሉታል። በእኛ አገር የአባት ስም በልጅ ላይ ሁለተኛ፣ በልጅ ልጅ ላይ ሦስተኛ ይሆንና ከዚያ ከወረቀት ይወርዳል።

ከወረቀት ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። በከሚሴና በአካባቢው የቤተሰብ ስም የሚፈልግ ሰው መታወቂያ ደብተሩን ትቶ የአገሩን ስም ቢያይ ይሻለዋል።

ፍለጋው ከአንዲት አጭር የአፋን ኦሮሞ ቃል ይጀምራል፦ «ወረ»። ከአማርኛው «ወሬ» ጋር ዝምድና የላትም። የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን፣ እነ እገሌ ማለት ናት። ቀበሌ ሄዶ ቅጽ የሞላ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሳያውቃት አይቀርም፤ «አባወራ» የምንለው የኦሮምኛው «አባ ወራ»፣ የቤቱ አባት ነውና። «እማወራ»ን ደግሞ አማርኛ በዚያው ልክ ለራሱ ሰፍቷል።

ይህች ቃል ወሎን ከዳር እስከ ዳር ሰይማዋለች። ወረባቦ፣ ወረሂመኖ፣ ወረኢሉ። የሸዋው የአድዋ ዘማች በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንዲከት የታዘዘበት ወረኢሉ «የኢሉ ቤት» ነው፤ የተጠራው ጦር የተቀጣጠረው በአንድ ቤተሰብ ስም ላይ ነበር። ከሚሴ ራሷ የነበረችበት የቀድሞው ቃሉ አውራጃም በድሮው አጠራር ወረቃሉ ነበር። «ቃሉ» በኦሮሞ ሥርዓት የእምነት መሪ ነው። «ወረ»ዋ በጊዜ ብዛት ረግፋ፣ የቤቱ ሰዎች ተረስተው ባለቤቱ ብቻውን ቀረ። ከዚህም የገነነ ቤት ነበር። ከ1770ዎቹ ጀምሮ ጎንደር ላይ ንጉሥ ሲሾም ሲሽር የኖረው፣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሳ ኃይሉ የተሸነፈው የየጁው ገዢ ቤተሰብ ወረሼህ ይባል ነበር፤ የሼሁ ቤት።

ዛሬ ከሚሴ ባለችበት ዞን ካሉት ወረዳዎች አርጡማ ፉርሲንና ጅሌ ጥሙጋን እንውሰድ። አርጡማም ጅሌም የጎሳ ስሞች ናቸው። ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ የሚነበበው «ጅሌ» ዕድሜው ከሰሌዳው ብዙ ይርቃል፦ መነኩሴው አባ ባሕርይ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የኦሮሞን ነገዶች ሲዘረዝር ከከረዩ ልጆች መካከል ወሎንና ጅሌን ጠቅሷል። በእሱ ቆጠራ ወሎና ጅሌ ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው ቤተ አምሐራ ይባል የነበረውን ሰፊ አገር በስሙ አስጠራ፤ ሌላኛው በቦርከና አካባቢ አንድ ወረዳ ደረሰው። የውርስ ነገር ድሮም እኩል ሆኖ አያውቅም።

የዘር ሐረግ የሚቆጠረው ለኩራት ብቻ አልነበረም። ማን ማንን ያገባል፣ ደም ሲፈስ ጉማውን (የደም ካሳውን) ማን ያዋጣል የሚለው የሚለየው በጎሳ ነው። ለዚህ ሥራ ሦስተኛው ስም አይበቃም።

በግለሰቡ ስም ላይ ደግሞ እስልምና የራሱን ጽሕፈት ጽፏል፤ ወሎም የዐረቡን ስም እንዳለ አልተቀበለውም። ኢድሪስ «ን» ተጨምራለት እንድሪስ፣ አሕመድ አመዴ፣ ኢማም ይማም ሆነ። ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይማም ነው፤ ስም ከመሆኑ በፊት ሹመት ነበርና። ወረሂመኖን የገዙት ማመዶች፣ የማመድ ልጆች እንደማለት ነው፣ መሪያቸውን ኢማም ይሉት ነበር። በዚያ ላይ የፈረስ ስም አለ፤ አሊ አባ ቡላ፣ አመዴ ሊበን አባ ዋጠው። አንድ ሰው የራሱን፣ የአባቱን፣ የማዕረጉንና የፈረሱን ስም ይዞ ይዞራል፤ ለልጁ የሚያስተላልፈው ግን አንዱን ብቻ ነው።

እሱም ሊቀየር ይችላል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የአሊ አባ ቡላ ልጅ መሐመድ አሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ ተቀናቃኙ አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም። ሚካኤል በኋላ፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆነ። የአባቱ ስም ግን አልተጠመቀም። በወሎ የእስልምናና የክርስትና ስም በአንድ መስመር ላይ ተከታትሎ መምጣቱ ለሌላ አገር ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ ለወሎዬ አይደለም።

መንግሥትም የቤተሰብ ስም ለማስያዝ አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ አርቃቂነት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጹ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ሕጉ ዛሬም አለ፤ ስሙ ግን አልመጣም። ኢትዮጵያዊው እስከ አያት ጠርቶ ያልፋል፤ ሚስትም አግብታ የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች።

ሕጉ ያቃተውን የባሕር ማዶ ቢሮ በደቂቃ ይጨርሰዋል። ከዞኑ ወጥቶ አሜሪካ የገባ አንድ ሰይድ ይማም እንበል። የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይመዘገባል፤ እሱ «ይማም» ይሆናል። ከአገር ቤት በኋላ የመጣው ልጁ መሐመድ «ሰይድ»፣ ሚስቱ ደግሞ በአባቷ ስም። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የቤተሰብ ስም፤ ጸሐፊዋ ዝምድናቸውን በወረቀት እንዲያስረዱ ትጠይቃለች። እዚያ የሚወለደው ታናሽ ልጅ ግን «ይማም» ይባላል፤ የእሱም ልጆች። የአንድ ገበሬ መጠሪያ ከሁለተኛው ትውልድ በኋላ መውረዱ ቀርቶ ላይወርድ ይቸነከራል።

ያ ልጅ አድጎ ለዘመድ ጥየቃ ከሚሴ ቢመጣ ሽማግሌዎቹ ሻይ አስቀርበው «ወርሪ ኬ ኤኙ?» ይሉታል፤ ቤትህ፣ ወገንህ ማን ነው? «ይማም» ብሎ ሊመልስ ነው። እነሱም ይስቃሉ፤ በመንደሩ ስንት ይማም አለ። የሚጠብቁት «ጅሌ» ወይም «አርጡማ» እንዲል ነበር።